የመርከብ እንጨት አይደለም

ወንድሜ፣ ኖርተን ሴንት ፊሊፕ በሚባለው የእንግሊዝ መንደር፣ ጆርጅ ኢን በተባለው ያረጀ ማረፊያ ቅዳሜና እሁድን አድረህ የጻፍከውን ወድጄዋለሁ። «ጣሪያውን የተሸከሙት እንጨቶች ከፈረሱ የጦር መርከቦች የመጡ ናቸው» ያልከው ግን ልክ አይደለም። ይህን ወሬ በእንግሊዝ ገጠር ያረጀ ማረፊያ ሁሉ ያወራዋል፤ እንግዳ ይወደዋላ!

መንደሩ ሶመርሴት ውስጥ፣ ከባሕር ራቅ ብሎ ያለ ነው። ቤቱ በተሠራበት ዘመን መንገድ ከባድ ግንድ ከወደብ ድረስ በጋሪ ማስጎተት ኪስ ያራቁታል። ለቤት የሚሆነው ጠንካራ ዛፍ፣ ኦክ፣ እንደሆነ በየአካባቢው ጫካ ነበረ። ቤቱን በመካከለኛው ዘመን ያሠሩትም በአቅራቢያው ገዳም የነበራቸው የሂንተን መነኮሳት ናቸው፣ ለሱፍ ንግዳቸው ጭምር።

ሰውን የሚያሳስተው አንደኛ የእንጨቱ መጣመም ነው፤ የመርከብ ጎን ያስመስለዋል። አናጢዎቹ ኦክን የሚጠርቡት እርጥቡን ነበር፤ ከደረቀ በኋላ መጥረቢያ አይደፍረውም። እናም ቤት ላይ ሆኖ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ደግሞ በየእንጨቱ ላይ ምንም ያልተሰካበት ባዶ ቀዳዳ ታያለህ። «ይኸው የመርከብ ምልክት» የሚባለው እሱ ነው። ግን ድሮ ሌላ እንጨት የገባበት ነው፤ ግድግዳ ሲነሳ፣ ወይም እንጨቱ ከሌላ ቤት ተነቅሎ ሲመጣ ባዶውን ይቀራል። በእንዲህ ያሉ ቤቶች መጋጠሚያውን በባትሪ ብታየው፣ አናጢው የትኛው ከየትኛው እንደሚገጥም ለማወቅ በሮማ ቁጥር የጫረውን ምልክት ብዙ ጊዜ ታገኛለህ።

ወደብ ከተሞች ላይ የመርከብ እንጨት ለቤት የዋለበት ጊዜ የለም አልልም። የዕለት ማስታወሻው የታወቀለት እንግሊዛዊ ሳሙኤል ፔፒስ በዚህ መንደር እ.ኤ.አ. በ1668 ምሳ መብላቱ ግን እውነት ነው፤ ሰውየው የባሕር ኃይል ሹም ነበር፣ መርከብ ከዚህ በላይ ወደ መንደሩ አልቀረበም።