አንድ ሰርግ ከጧት እስከ ማታ አሳዩኝ፣ ሌላ አልፈልግም

ሰርጋችሁን ራቅ ያለ ቦታ ሄዳችሁ ለማድረግ ያሰባችሁ ሰዎች፣ እግዜር ይርዳችሁ። አዳራሹ ይገኛል። ሆቴሉም እንደምንም ይገኛል። እንግዳውም አጉረምርሞ አጉረምርሞ በመጨረሻ ቲኬቱን ይቆርጣል። ፎቶ አንሺ ላይ ስትደርሱ ግን ሰማይና ምድሩ ይዞርባችኋል። ስለጠፋ እንዳይመስላችሁ። ሞልቷል! ስልክ በከፈታችሁ ቁጥር አንዱ ብቅ ይላል፣ ከአንዱ ፔጅ ወደ ሌላው ስትሉ ሌሊቱ ይነጋል፣ በነጋታው ደግሞ ማን ማን እንደነበረ አታስታውሱም፣ ምክንያቱም ሁሉም አንድ ናቸው።

አልቀልድም፣ አንድ ናቸው። ሙሽሪት ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች፣ ዓይነ ርግቧ በንፋስ ይውለበለባል፣ ከፊቷ ፀሐይ ትጠልቃለች። ቀጥሎ ግንባር ለግንባር ተደጋግፈው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ቀጥሎ ቀለበት ቅጠል ላይ። በቃ። ያምራል፣ እሱን አልካድኩም። ግን እኔ ከዚህ ምን ልወቅ? ከስንትና ስንት ሰርግ ተለቅመው የወጡ ናቸው። ማንም ሰው ዓመቱን ሙሉ ካሜራ ይዞ ከዞረ አሥር ጥሩ ፎቶ አያጣም።

ይባስ ብሎ ብዙው ሰርግም አይደለም። ስታይልድ ሹት ይሉታል። ሞዴል ይጠራል፣ ዲዛይነሩ ሥራዬን አስተዋውቁልኝ ብሎ ቬሎ ያውሳቸዋል፣ አበባው ይደረደራል፣ ብርሃኑ እስኪመቻች ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ፣ ዓይነ ርግቡ ከወደቀ እንደገና። እንግዳ የለ፣ ጥድፊያ የለ፣ ጥግ ይዛ የምታለቅስ እናት የለች። መለማመጃና ማስታወቂያ ነው። እንደዚያ ብለው ቢጽፉበት ምንም ቅሬታ የለኝም። አይጽፉማ! ከሥሩ ልብ ደርድረው ይለጥፉታል፣ እኛም እውነተኛ ባልና ሚስት መስለውን ተቀምጠን እንቀናለን።

እውነተኛ ሰርግ እኮ እንዲህ አይደለም። ቀለበት የሚደረገው አንዴ ነው። በዚያች ሰከንድ አንዱ አጎት ስልኩን ዘርግቶ ካሜራው ፊት ይገተራል። ፀጉር ሠሪዋ ስላረፈደች ፕሮግራሙ ሁሉ ተገፍቷል፣ ለሁለቱ ብቻ ፎቶ የተያዘው ጊዜ ሩብ ሰዓት ቀርቶታል፣ ደመናው ጠቁሯል፣ ማታ የሚጨፈርበት ቤት ደግሞ መብራቱ ሐምራዊ ሆኖ ሰው ሁሉ የታመመ ይመስላል። እኔ ማየት የምፈልገው በዚህ ሁሉ መሃል ምን እንደሚያነሱ ነው።

ስለዚህ ለሁሉም የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። የአንድ ሰርግ፣ ከመኳኳሉ እስከ ጭፈራው፣ ለሙሽሮቹ ያስረከባችሁትን ፎቶ በሙሉ አሳዩኝ። ይኸው ነው። ኩላሊታችሁን አልጠየቅኩም።

መልሱን ስሙልኝ። አንዱ አንብቦ ዝም። ሌላው በሙዚቃ የታጀበ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ላከልኝ። ሦስተኛዋ ሠላሳ ፎቶ ልካ «ሙሉው ይሄ ነው ውዴ» አለችኝ። አንድ ቀን ሙሉ ውሎ ሠላሳ ፎቶ ከሆነ ሙሉው፣ ቀሪውን ሰዓት ምን ስትሠራ ነበር? የሙሉ ቀን ሰርግ እኮ በመቶዎች የሚቆጠር ፎቶ ነው የሚወጣው። የበለጠ ያናደደኝ ግን «የደንበኞቼን ምስጢር መጠበቅ አለብኝ» ያለኝ ነው። ወንድሜ፣ ሙሽሪት ኩሏ ፈሶ ስታነባ የሚያሳየውን ፎቶ በቀደም ለዓለም ሁሉ ለጥፈኸዋል እኮ! አስፈቅጄ ልላክልሽ ቢለኝ ኖሮ አከብረው ነበር። አንዳንዶቹ እንደዚያ ያደርጋሉ፣ ሙሽሮቹን ጠይቀው በይለፍ ቃል የተዘጋ ሊንክ ይልካሉ። ስለዚህ አይቻልም አትበሉኝ።

ሙሉውን ስታዩ የምታዩት ነገር አለ። የቀትር ፎቶ ተመልከቱ። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ዓይን ሥር ጥቁር ጥላ ይጥላል፣ የሚችል ሰው ጥላ ይፈልጋል ወይም በፍላሽ ይሞላዋል፣ የማይችል ሰው ደግሞ ያን ሰዓት ከፔጁ ላይ ያጠፋዋል። የቤተሰብ ፎቶው ላይ ጫፍ የቆመችው አክስት ደብዝዛለች ወይስ ትታያለች? ጭፈራው ላይ የሰው ፊት አለ ወይስ መብራት ብቻ?

ቆዳችን ጠቆር ላልነው ደግሞ ይሄ ነገር የእውነት የሞት ሽረት ነው። ካሜራ በራሱ ከተለቀቀ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ይሞክራል። ነጭ ቬሎ ምስሉን ሲሞላው ብርሃን በዛ ብሎ ይቀንሳል፣ ያን ጊዜ ፊታችን ይጨልማል። ፊቱን ላድን ብሎ ዝም ብሎ ብርሃን የጨመረ ሰው ደግሞ ቬሎውን ባዶ ነጭ ያደርገዋል፣ ያ ሁሉ ጥልፍ የት እንደገባ አይታወቅም። ነገሩ ሥር አለው። በፊልም ዘመን ፎቶ የሚያጥቡ ቤቶች ቀለም የሚያስተካክሉበት፣ የፊልም ኩባንያው ኮዳክ የሚያድለው ሸርሊ ካርድ የሚባል ናሙና ነበር። ለአሥርተ ዓመታት ላዩ ላይ የነበረችው ነጭ ሴት ናት። የቆዳ ቀለም ትክክል ነው የሚባለው እሷን ሲመስል ነበር። ዛሬ ካሜራው ተሻሽሏል። ከኋላው የቆመው ሰውዬ ግን መማር አለበት፣ መማሩን የማውቀው ደግሞ የኛን ዓይነት ሰው በቀትርም በማታም አንስቶ ሲያሳየኝ ብቻ ነው።

«ቦታውን አብጠርጥሬ አውቀዋለሁ» የሚሉት ደግሞ አሉ። እሺ፣ በዚያ ቀን እዚያ ቦታ ፀሐይ የምትጠልቀው ስንት ሰዓት ነው? ዝምታ። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ምድር ወገብ አካባቢ ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ ያቺ ሁሉም የሚሞትላት ወርቃማ ብርሃን ሳትጠግቧት ታልቃለች፣ ጨለማውም ዱብ ነው የሚለው። ወደ ሰሜን በራቃችሁ ቁጥር ፀሐይዋ በሰያፍ ስለምትወርድ ብርሃኑ ይቆያል። የአይስላንዷ ሬይክያቪክ ሰኔ አጋማሽ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው እኩለ ሌሊት ገደማ ነው፣ እዚያ ከእራት በፊት የፀሐይ መጥለቂያ ፎቶ እናነሳለን ያላችሁ ሰው ቦታውን በካርታም አላየውም። ተራራ ሥር ከሆነ ደግሞ ስልካችሁ የሚነግራችሁን ሰዓት እርሱት፣ ፀሐይዋ ጋራው ጀርባ የምትገባው ከዚያ ብዙ ቀድማ ነው።

የግሪኳን ደሴት ሳንቶሪኒን ደግሞ ሁሉም ለጥፏታል። ኦያ የሚባለው መንደሯ ላይ ሙሽሮቹ ሁለቱ ብቻቸውን ቆመው፣ ነጫጭ ቤቶች፣ ሰማያዊ ጉልላት፣ ፀሐይ። በእውኑ እኮ ያቺን ፀሐይ ስትጠልቅ ለማየት የሚመጣው ሰው ትከሻ ለትከሻ እየተጋፋ ነው የሚቆመው። ታዲያ ፎቶው ወይ ንጋት ላይ ነው የተነሳው፣ ወይ ሕዝቡ በኤዲት ጠፍቷል። የትኛው ነው ብዬ ስጠይቅ ለምንድን ነው የምትኮራረፉኝ? ንጋት ከሆነ በሌሊት ተነስቼ ልኳኳል ነው፣ ልወቀው እንጂ!

ዋጋ? ዋጋማ የመንግሥት ምስጢር ነው። «ውዴ ኢንቦክስ»። ኢንቦክስ ገባሁ። «ሰርጉ የት ነው? ስንት ሰው ነው? ሆቴሉ የቱ ነው?» የሆቴሉ ስም ከካሜራ ጋር ምን አገናኘው? ገብቶኛል፣ ኪሴን እየለኩ ነው። በስንት ጭቅጭቅ ዋጋው ሲመጣ ደግሞ ሥሩ ላይ በደቃቅ ፊደል «የጉዞ ወጪ አይጨምርም» ይላል። የጉዞ ወጪ ማለት የአውሮፕላን ብቻ ነው? የተጨማሪ ሻንጣስ? አልጋ ስንት ሌሊት? ምግብ? ከኤርፖርት የሚያመጣው መኪና? ረዳቱስ አብሮ ነው ወይስ ለብቻው? አንድ ድምር ጻፉልኝና እግዜር ይስጥልኝ ልበላችሁ።

አንዱ ደግሞ ወጪ ሊቀንስልኝ አስቦ «የሰርጉ ዕለት ጧት ነው የምደርሰው፣ አትጨነቂ» አለኝ። እንዴት ነው የማልጨነቀው? አንድ በረራ ዘግይቶ ቀጣዩ ካመለጠው እኮ ሰርጌን የሚያነሳልኝ ያ ስልክ የዘረጋው አጎት ነው። ቢያንስ አንድ ቀን ቀድሞ የማይመጣ ሰው ጋር ወሬዬን ጨርሻለሁ። ቀድሞ መጥቶ ቦታውንም በዚያው ሰዓት ዞር ዞር ብሎ ይየው።

በነገራችን ላይ እጮኛዬ «እዚያው ያለ ሰው ብንይዝስ» ሲለኝ መጀመሪያ ተቆጥቼው ነበር፣ አሁን ግን ወደዚያው እያዘነበልኩ ነው። የእዚያው አገር ፎቶ አንሺ ፀሐይዋን ያውቃታል፣ የቱ ቦታ ፈቃድ እንደሚያስፈልገው ያውቃል፣ ካሜራ ቢበላሽበት የሚያውሰው ጓደኛ አለው። በአካል አለመገናኘታችን ያሳስበኛል፣ ቋንቋም አለ። ግን ቪዲዮ ኮል ለዚህ ካልሆነ ለመቼ ነው?

ከሩቅ የሚመጣው ደግሞ የማያነሳው ጣጣ አለ። ብዙ አገር በቱሪስት ቪዛ ገብቶ ተከፍሎት መሥራት አይፈቅድም፣ ብዙ ካሜራና ሌንስ የተሸከመ ሰውም ጉምሩክ ላይ ይጠየቃል። ዕቃውን ለጊዜው አስገብቶ መልሶ ለማውጣት ኤቲኤ ካርኔ የሚባል ሰነድ አለ። ስለሱ ስጠይቅ «ምን?» ያለኝ ሰው «ዓለም አቀፍ ፎቶግራፈር» ብሎ ፕሮፋይሉ ላይ ጽፏል። ድሮንም እንደዚያው። ሁሉም ድሮን አለን ይላሉ። ሞሮኮ ያለ ፈቃድ ድሮን ይዞ ለገባ ሰው ኤርፖርት ላይ ነው የሚወሰድበት። የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ከፈረንጆቹ 2014 ጀምሮ ድሮን ማብረር ከልክለዋል። ለማይነሳ ድሮን እኔ ለምንድን ነው የምከፍለው?

ዕቃው ራሱስ? ካሜራው ሁለት ሜሞሪ ካርድ ይይዛል ወይ፣ ሁለቱም ላይ በአንድ ጊዜ ይጽፋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። አንዱ ካርድ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል፣ ሰርግ ደግሞ ነገ እንድገመው የሚባል ነገር አይደለም። ማታውኑ ወደ ሃርድ ዲስክ ይገለብጣል ወይ? ሲመለስ ካርዱን ሻንጣ ውስጥ ጥሎ ነው ወይስ ኪሱ ውስጥ ይዞ ነው የሚበረው? ትርፍ ሊቲየም ባትሪ ተመዝግቦ በሚሄድ ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም፣ በእጅ ነው የሚያዘው፣ ጉልበቱ ከ100 ዋት አወር በላይ ከሆነ ደግሞ አየር መንገዱን ማስፈቀድ ያስፈልጋል። ይሄን የማያውቅ ሰው ብዙ አልበረረም ማለት ነው።

ኤዲቱን ሳልነካው አላልፍም። አሁን ፋሽኑ ሁሉን ነገር ቡናማ ማድረግ ነው። ባሕሩን ብለን ያን ያህል መንገድ ሄደን፣ ባሕሩ አመድ መስሎ ይመጣል። ቅጠሉ አረንጓዴ አይደለም፣ ሰማዩ ሰማያዊ አይደለም፣ እኛም ብርቱካንማ ሆነናል። እንዲህ ከሆነማ ከቤታችን ጀርባ ባለው ግድግዳ ሥር መነሳት ይቻል ነበር። ቦታውን የመረጥነው ቀለሙን ብለን ነው፣ አትንኩብን።

ከሁሉ የሚብሰው ግን የተዋዋልከው ሰው ሳይሆን ሌላ ሰው ሲመጣ ነው። ጓደኛዬ ላይ ደርሷል። ሥራውን ወዳ፣ አውርታው፣ ቀብድ ከፍላ፣ በቀኑ የመጣው ጭራሽ አይታው የማታውቀው ልጅ ነው። «የቲማችን አባል ነው» ተባለች። ልጁ ጨዋ ነበር፣ ጥፋቱም የሱ አይደለም፣ ፎቶው ግን የቀጠረችው ሰው ፎቶ አይደለም። ውሉን ስታየው ለካ የማንም ስም የለበትም፣ የስቱዲዮው ብቻ ነው።

እኔ ጋ የመጣው የመጨረሻው ውል አንድ ገጽ ነው፣ ከገጹ ግማሹ ስለ ቀብድ ነው፣ ቀብዱ እንደማይመለስ በደማቁ ተጽፏል። ማን እንደሚመጣ የለም። ቢታመም ማን እንደሚተካው የለም። ፎቶው መቼ እንደሚደርሰን «በተቻለ ፍጥነት» ይላል። ፎቶዎቹን ማስታወቂያ ላይ መጠቀም እንደሚችል ግን አልረሳም። በብዙ አገር ሕግ ፎቶው የአንሺው ንብረት እንደሆነ አውቃለሁ፣ እሱን አልተከራከርኩም። ፊቱ ግን የኔ ነው፣ ልጠየቅ። ቀዩን እስክሪብቶ አንስቼ የጎደለውን ሁሉ ጻፍኩበት፣ ስሙን ራሱ ሳይቀር፣ እና መልሼ ላክሁለት። አይቶታል። እስካሁን አልመለሰም፣ ዛሬ ጧት ግን አዲስ ፎቶ ለጥፏል፣ ሙሽሪት ጀርባዋን ሰጥታ። ስለዚህ ሙሉ ሰርግ ሊያሳየኝ የሚደፍር፣ ስሙንና ድምሩን ውሉ ላይ የሚጽፍ ፎቶ አንሺ የምታውቁ ሰዎች እባካችሁ ታግ አድርጉልኝ። ራሳችሁን ታግ የምታደርጉ ፎቶ አንሺዎች ደግሞ ሊንኩን ይዛችሁ ኑ።