ድንጋይ በድንጋይ ላይ

በባሕር ዳርቻ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ደርቦ ያቆመውን ክምር በስልኩ ያሳየን ወጣት፣ አድናቆት ሲጠብቅ የተሰጠው ተረት ነበር። በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጡት ሰው ፎቶግራፉን ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ፣ «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ብለው ስልኩን መለሱለት።

ወጣቱ ሳይቀየም ማስረዳት ጀመረ። ድንጋይ መደርደር አእምሮን ያሳርፋል፣ ሰውንም ከተፈጥሮ ጋር ያስታርቃል አለ፤ ከተፈጥሮ ጋር መቼ እንደተጣላ ግን አልነገረንም። ቀጥሎም አንድ ድንጋይ በሌላው ላይ ተረጋግቶ የሚቆመው ቢያንስ በሦስት ነጥቦች ሲያርፍና የክብደቱ ማዕከል በእነዚያ ነጥቦች መካከል ሲውል መሆኑን በእጁ እያሳየ ተነተነ። ይህ እውነት ነው፤ ከተናገረውም ሁሉ ፍሬ ያለው ይኸው ነበር።

«ደግሞም ጋሼ፣ ይህ እኮ ጥንታዊ ነው፤ ኢኑይቶችም ያደርጉታል» ሲል ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። በሰሜን ዋልታ አካባቢ የሚኖሩት ነባር ሕዝቦች ኢኑይቶች፣ ዛፍ በማይበቅልበት የአርክቲክ ምድራቸው ኢኑክሹክ የሚባለውን የድንጋይ ክምር የሚያቆሙት መንገድን፣ የአደን ቦታን ወይም ምግብ የተቀመጠበትን ሥፍራ ለማመልከት ነው፤ በ1999 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የካናዳው ኑናቩት ግዛትም በሰንደቅ ዓላማው ላይ ያኖረው ለዚህ ክብሩ ነው። በስኮትላንድ ተራሮች ጭጋግ ሲወርድ መንገደኛ ከክምር ወደ ክምር እየተመራ ይሄዳል። በጃፓን ቡድሂስቶች ዘንድ በልጅነታቸው የሞቱ ሕፃናት በወዲያኛው ዓለም ወንዝ ዳር ድንጋይ ይከምራሉ ተብሎ ስለሚታመን፣ ወላጆች እነርሱን ለማገዝ በዚህ ዓለም ይከምራሉ። ኢያሱም ከዮርዳኖስ አሥራ ሁለት ድንጋዮች ያስወጣው፣ ልጆች ነገ ምንነታቸውን ሲጠይቁ የሚነገራቸው ታሪክ እንዲኖር ነው። ታዲያ ያንተ ክምር ምን ይናገራል ብዬ ጠየቅሁት።

«ምንም መናገር የለበትም፤ ማማሩ ይበቃል» አለ።

«እንግዲያው ሥራ ያጣ መነኩሴ ነዋ!» አሉ አዛውንቱ።

ስለ ባሕር ፍጥረታት ጠንቅቃ የምታውቅ ወዳጃችን እስከዚያ ድረስ አልተናገረችም ነበር። ድንጋዮቹን ከየት እንዳነሣቸው ጠየቀችው። የባሕሩ ውኃ በሚሸሽበት ሰዓት ሸርጣኑ፣ ቀንድ አውጣውና ትሉ ከፀሐይና ከወፍ የሚሸሸጉት በድንጋይ ሥር ባለው እርጥበት መሆኑን፣ ድንጋዩ ሲነሣም ውኃው እስኪመለስ ያለ ጣሪያ እንደሚቀሩ አስረዳችው። ወጣቱ ማዕበሉስ ድንጋዩን ሲያገላብጥ አይውልም ወይ ብሎ ተከራከረ። እርሷ ግን ለመሠረት የሚመረጡትን ትላልቅና ጠፍጣፋ ድንጋዮች ማዕበል እንደ ጠጠሩ ዘወትር እንደማያንከባልላቸው፣ ለፎቶግራፍ ብሎ የሚመርጥ ማዕበልም እንደሌለ ነገረችው። አዛውንቱ ተረታቸውን ለሦስተኛ ጊዜ አነሡ፤ በዚህኛው ግን ጨመሩበት፦ «መነኩሴውስ የቀደደው የራሱን ቆብ ነው፤ አንተ የቀደድከው የሸርጣኑን ነው፣ ልጄ።»

ወጣቱ ሳቀ፤ አንድ ክምር ምን ይጎዳል ብሎም ክርክሩን ሊዘጋ ሞከረ። አንድ ቢሆንማ ኖሮ ባልተከራከርን፤ አንዱን ያየ ሌላው ይደግመዋል፣ ዳርቻውም በክምር ይሞላል። በአሜሪካ አካዲያ ብሔራዊ ፓርክ ጎብኚዎች የመንገድ ምልክት የሆኑትን ክምሮች እንዳይነኩ፣ የራሳቸውንም እንዳይጨምሩ የሚነገራቸው፣ ማንም ለደስታው ያቆመው ክምር መንገደኛውን ከጎዳናው ሊያስወጣ ስለሚችል ነው።

እኔን ከሸርጣኑ እኩል የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ዘመናችን የምልክትን መልክ ወስዶ ኃላፊነቱን ጥሏል። ጥቂት ገጽ ያነበበ ሁሉ አማካሪ፣ ማይክሮፎን የጨበጠ ሁሉ መምህር፣ የክብር ካባ የተከራየ ሁሉ ሊቅ ሆኖ በየመንገዳችን ላይ ይቆማል፤ ሰው አምኖት ተከትሎ ገደል አፋፍ ላይ ሲደርስና ምነው ሲለው ግን፣ እኔ እኮ የቆምኩት ለማማር ነው ይለዋል።