ሽርጥ የታጠቁት ዲን

ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ አነስተኛ ኮሌጅ ካፌ የማታ ሠራተኛ ነኝ። ሳህን አጥባለሁ፣ ጠረጴዛ እወለውላለሁ፣ የተረፈ ምግብ እደፋለሁ። መድፋቱን እስከ ዛሬ አልለመድኩትም። በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ ሚያዝያ መጨረሻ ገደማ፣ አለቃችን ሰበሰበንና «በፋይናል ሳምንት፣ ማክሰኞ ማታ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ቁርስ አለ» አለን። የእኩለ ሌሊት ቁርስ! ተረኛው እኔ እንዳልሆን ሰግቼ «ማን ነው የሚሠራው?» አልኩት። «መምህራኑ» አለኝ። የቀለደብኝ መሰለኝ።

ቀልድ አልነበረም። ማክሰኞ ማታ ዲኑ ከራባታቸውን ሸሚዛቸው ውስጥ ወሸቅ አድርገው ሽርጥ ታጠቁ። የሒሳብ ፕሮፌሰሯ እንቁላል መምታት ጀመሩ። ተማሪው በፒጃማና በነጠላ ጫማ፣ ጸጉሩ እንደቆመ ይግተለተላል። ዲኑ ፓንኬክ ይገለብጣሉ፤ ለመገልበጥ ይሞክራሉ ብል ይሻላል። አንዱ ልጅ ያረረ ደረሰውና ሳህኑን ከፍ አድርጎ «ዲን፣ ይሄ እንኳ ኤፍ ነው!» አላቸው። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ዲኑም ከት ብለው ሳቁና ሌላ ጨመሩለት። (እዚህ ዲንም ቢሆን አንተ ነው የሚባለው። እኔ ግን በአማርኛ ሳወራ አንቱታውን መተው አልሆነልኝም።)

ሊዘጋ ሲል ጥግ ይዤ ትሪ ስደረድር እኚሁ ሰው ሳህን ይዘው መጡ። ሦስት ፓንኬክ፣ ከላዩ ሽሮፕ የፈሰሰበት። «አንተ አልበላህም እኮ» አሉኝ። እጄን በሽርጤ ጠራርጌ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ በሁለት እጄ ተቀበልኩ። አብሮኝ የሚሠራው የኤልሳልቫዶር ልጅ «ምን ሆነህ ነው የሰገድክለት?» እያለ እስካሁን ያሾፍብኛል። ምን ብዬ ላስረዳው? እኔ በተማርኩበት ዘመን ዲን የሚታየው ከሩቅ ነው። ቢሮው ድረስ ከተጠራህ ነገር አለ ማለት ነው።

ሌላም ጉድ አለ። በዚያው ሳምንት ቤተ መጻሕፍቱ ሌት ተቀን ክፍት ይሆናል፤ ምድር ቤቱ ውስጥ ደግሞ ውሻ ይመጣል። ለዚሁ ሥራ የሠለጠነ፣ አንገቱ ላይ መሐረብ የታሰረለት ጨዋ ውሻ። ተማሪው ወረፋ ይዞ ያሻሸዋል። አንዲት ልጅ ምንጣፉ ላይ ተዘርራ፣ አንገቱን አቅፋ ስታለቅስ አይቻለሁ። ውሻው ንቅንቅ አላለም። ማታውኑ ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት።

«ለፈተና ውሻ ምን ያደርግላቸዋል?»

«ያቅፉታል።»

«እናት የላቸውም?»

አላቸው። ግን እናትየዋ የልጇን ውጤት እንኳ እንደልቧ አታይም። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ ሕግ አለ። ልጁ ኮሌጅ ከገባ በኋላ በትምህርት መዝገቡ ላይ አዛዡ እሱ ነው። ክፍያውን አባት ቢከፍልም፣ ስልክ ደውሎ «ልጄ ስንት አመጣ?» ሲል አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው መልስ «ልጅህን ጠይቀው» ነው። መምህሩም ውጤት በአይዲ ቁጥር ግድግዳ ላይ መለጠፍ አይችልም።

ይህችን የመጨረሻዋን ስሰማ ሳቄ መጣ። እኔ ሐዋሳ የገባሁት በ1993 ነው። ያኔ የግቢው ስም ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ነበር። የአዋሳ እርሻ ኮሌጅ፣ የወንዶ ገነት ደን ኮሌጅና የዲላው ኮሌጅ በ1992 ተጠቃለው ነው የተመሠረተው። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የተባለው እኛ ከወጣን በኋላ ነው። በዚያ ዘመን በየግቢው ልማዱ አንድ ነበር። ውጤት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ስም የለውም፣ አይዲ ቁጥር ብቻ። ምስጢር ተጠበቀ ማለት ነው! የዶርሙን ልጅ አይዲ የማያውቅ ማን አለ? ስድስታችንም የስድስታችንን በቃላችን እናውቀዋለን። አንዱ ጣቱን እያንሸራተተ ይወርዳል፣ ሌላው በትከሻው ላይ አንገቱን አስግጎ ያነባል። ኤፍ የመጣበት ልጅ ቁጥሩን ሳያገኘው በፊት ያውቀዋል። ዙሪያው ጸጥ ይላላ።

ክፉ ልማድ ነበር፣ አልዋሽም። ያ ልጅ ግን ማታውን ብቻውን አያድርም። አንዱ ጎትቶ ሻይ ይጋብዘዋል፣ ሌላው ባለፈው ዓመት የራሱ ኤፍ እንዴት እንደተነሣ እያጋነነ ያወራለታል።

የኛ የእኩለ ሌሊት ቁርስ በሶ ነበር። ሴሚስተሩን ሙሉ በቁልፍ የሚጠበቅ ሳጥን በፋይናል ሳምንት ይከፈታል። ማንም አላወጀውም፣ ደንብ ግን ነበር። የባሌው ልጅ እናቱ ጭኮ ትልክለታለች፤ ክዳኑ ሲነሣ የቅቤው ሽታ ከኮሪደሩ ማዶ ያለውን ዶርም ሁሉ ይቀሰቅሳል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ከስፔስ (ከማታ ማጥኛ ክፍላችን) ስንመለስ አንድ ማንኪያ ለስድስት ሰው ይዞራል። ጭኮው ሲያልቅ ሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ በሶና ስኳር ከትተን፣ ውሃ ጨምረን፣ እንደ ወተት ቅል እንንጣለን። መጀመሪያ የሚጠጣው በማግስቱ ፈተና ያለበት ነው። ያልሟሟው በሶ ጉሮሮው ላይ ጓል ሆኖ ሲቀርበት ደግሞ ጀርባውን እንደልቃለን። ይህን ቁርስ አንድም መምህር አያውቀውም።

ዓመቱ ሲያልቅ ክሊራንስ ይመጣል። ወረቀት ይዘህ ቤተ መጻሕፍት፣ ፕሮክተር፣ ካፌ፣ ስፖርት ክፍል ትዞራለህ። የወሰድከው ንብረት እንደሌለ ሁሉም ይፈርሙልሃል። ኳስ ነክቼ የማላውቀው እኔም ኳስ እንዳልወሰድኩ አስፈርሜያለሁ።

ዋናው ክሊራንስ ግን ከግቢ ውጭ ነበር። በሩ አካባቢ ቡናና እንቁላል ሳንዱች የሚሸጡ እትዬ ነበሩ። ዱቤ ይሰጣሉ። ደብተራቸው ላይ የማንም ስም የለም፤ በመልክና በልብስ ነው የሚጽፉት። «ባለ መነጽሩ»፣ «ረጅሙ የጎንደር ልጅ»፣ «ሁለቱ የሚመሳሰሉት»። እኔ «ቀይ ሹራብ» ነበርኩ። ሹራቡን ከቀየርኩ በኋላም ቀይ ሹራብ ሆኜ ቀረሁ። የመጨረሻው ቀን ላይ ሒሳቡን ትዘጋለህ፣ እሳቸው በእስኪርቢቶ ሰረዝ ያደርጉበትና «ሂድ፣ ይቅናህ» ይሉሃል። ያለዚያች ሰረዝ መናኸሪያ መሄድ ነውር ነበር።

ባለፈው ዓመት ሰኔ የእህቴ ልጅ ልትመረቅ ሆነና ሐዋሳ ሄድኩ። መናኸሪያ ላይ የያዝኩት የባጃጅ ሾፌር «ፋዘር፣ በዚያ በኩል ዛሬ አይኬድም፣ ከለር ደይ ነው» አለኝ። ፋዘር መባሌን ዋጥ አድርጌ የቀለሙን ነገር ጠየቅኩት። የጂሲዎቹን፣ የተመራቂዎቹን ማለት ነው፣ ፕሮግራም ከኔ የእህት ልጅ በላይ ያውቃል። ከለር ደይ፣ ካልቸር ደይ፣ ሱት ደይ፣ ክሬዚ ደይ። ሁሉም የየራሱ ልብስ አለው። ልብሱም የየራሱ ዋጋ አለው። ከዚያ ላይ ፎቶ፣ ቪዲዮ፣ መጽሔት።

«ይሄ ሁሉ ስንት ወጣበት?» አልኳት።

«ጋሼ፣ አንተ እኮ ነህ የላክኸው።»

ዝም አልኩ። ግን ሁሉም ጋሼ አሜሪካ የለውም። በሬ ሸጦ ልጁን ሊያስመርቅ የሚመጣ አባት ለአንድ ቀን ሱት ሁለተኛ በሬ ከየት ያመጣል? ያልከፈለው ልጅ ደግሞ ያን ቀን «አሞኛል» ብሎ ዶርም ይተኛል። የእህቴ ልጅ ዶርም ውስጥ በከለር ደይ ዕለት «የታመመች» አንዲት ልጅ ነበረች። በማግስቱ ድና ላይብረሪ ሄደች።

ይህን ነገር ከፈረንጅ ነው ያመጣነው ይባላል። እንግዲህ እኔ ፈረንጅ አገር፣ ኮሌጅ ግቢ ውስጥ ነው የምውለው። በምሠራበት ግቢ ክሬዚ ደይ አይቼ አላውቅም። አብራኝ የምትሠራ ተማሪ ጠየቅኩና «እሱን ሃይስኩል እያለን ነበር የምናደርገው» አለችኝ። እነሱ ሃይስኩል ጥለውት የሚመጡትን እኛ ለዲግሪ አስቀምጠነዋል። ገዋኑንም፣ የሚወረወረውንም ቆብ አመጣነው። ፓንኬኩን ግን ያመጣው የለም። ሽርጥ ታጥቆ «አልበላህም እኮ» የሚለው መምህር ከዕቃው መሃል ቀርቷል። እሱ ደግሞ ገንዘብ የማይጠይቀው ነበር።

የእህቴን ልጅ «መምህሮቻችሁ ለፋይናል ምን አደረጉላችሁ?» አልኳት። «ፈተኑን» አለችኝ።

ክሬዚ ደይን ልታዘበው ነበር ግቢ የገባሁት። ሱሪውን ገልብጦ የለበሰ፣ የእህቱን ቀሚስ ያጠለቀ፣ ፊቱን ዱቄት የቀባ አየሁ። ፊቴን ለማኮሳተር እየሞከርኩ ሳለ የእህቴ ልጅ በማርከር የተሞላ ነጭ ቲሸርት ለብሳ መጣች። ሁሉም እየፈረመላት ነው። አንዲት ልጅ ከጀርባዋ ቆማ ረጅም ነገር ጻፈችና ዓይኗን እየጠረገች ሄደች።

«ጋሼ፣ ምን ጻፈችልኝ? አይታየኝም።»

መነጽሬን አውጥቼ አነበብኩላት። «የፈርስት ይር በሶሽን አልረሳውም» ይላል።

«በሶ ዛሬም አለ እንዴ?» አልኳት።

«በሶ መቼ ጠፍቶ ጋሼ!» አለች፣ እንደ ሞኝ እያየችኝ።

ያቺን ልጅ ሳይ የሜሪላንዱ ስንብት ትዝ አለኝ። ስንብት ከተባለ። አብዛኛው ተማሪ የመጨረሻውን ፈተና እንደጨረሰ በቀናት፣ አንዳንዱም በማግስቱ ዶርሙን ለቅቆ ይወጣል። አባት መኪናውን በሩ ላይ ያቆማል፣ ልብስና ኮምፒውተር ይጫናል፣ የተረፈው ትልቁ የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ይገባል። ፍራሽ፣ መብራት፣ መስታወት፣ ሚኒ ፍሪጅ። አንዳንድ ኮሌጅ ሰብስቦ ለችግረኛ ይሰጣል፤ የሚያመልጠው ግን ብዙ ነው። አንዴ የሚሠራ ፍሪጅ ከነወተቱ አግኝቻለሁ። የአልጋዬ ራስጌ መብራትም የዚያው ገንዳ ስጦታ ነው። አራት ዓመት አንድ ክፍል የኖሩ ልጆች እጃቸውን አውለብልበው ይለያያሉ። ኢንስታግራም አለ፣ ምን ቸገራቸው? እኛ ስንለያይ ግን የጎንደሩ ወደ ጎንደር፣ የጂማው ወደ ጂማ ነው። ስልክ የለ። የፎቶ ጀርባ ላይ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ጽፈን፣ የአውቶቡስ መስኮት ላይ ተንጠላጥለን ነው ያለቀስነው።

አሁን ደግሞ አዲስ ነገር ተጨምሯል። ከ2015 ጀምሮ በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ መርሐ ግብሮች የመውጫ ፈተና አለ። ከመቶ 50 ያላመጣ ዲግሪውን አያገኝም። ስለዚህ ጭፈራው ሁሉ ከውጤቱ በፊት ነው። ገዋኑ ተለብሶ ፎቶው ተነሥቷል፣ ውጤቱ ግን ገና አልመጣም።

«ባይመጣስ?» ብዬ አመለጠኝ።

«ጋሼ፣ አታሟርት!» ብላ ጠረጴዛ መታች።

ውጤቱ መጣላት። የምረቃው ቀን ዝናቡ ሲወርድ ነው የዋለው። የፕላስቲክ አበባው ቀለሙን እየለቀቀ የእህቴን ነጭ ቀሚስ ሮዝ አደረገው። ለአንድ ተመራቂ ሚኒባስ ሙሉ ሰው መጥቷል፤ አዳራሽ የገቡት ጥቂቱ ናቸው፣ ሌላው በር ላይ ጃንጥላ ተጋርቶ በድምጽ ማጉያው ተከታተለ። ከዚያ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወረድን። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ጡረተኛ ዳኛ ቆመው የዓሣ ትራፊ ይጠብቃሉ። ተመራቂዋ ገዋኗን ሳታወልቅ እሾሁን እየለቀመች ለአባቷ ታጎርሰዋለች። አማቼ ሐይቁን እያየ ያላምጣል፤ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

ከመመለሴ በፊት እትዬን ፈለግኳቸው። አሉ። ቦታቸው ትንሽ ፈቀቅ ብሏል፤ ሳንዱቹን ትተው ቡናው ላይ ቀርተዋል። ሒሳብ የምትቀበለው ልጃቸው ናት፣ በቴሌብር። ራሴን አስተዋወቅኩ። ዓመተ ምሕረቱን ነገርኳቸው፣ የዶርሙን ልጆች ጠራሁ፣ ቀይ ሹራቡንም አነሣሁ። ትኩር ብለው አዩኝና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ከፍለህ ነው የሄድከው ማለት ነው» አሉኝ። «እኔ የማስታውሰው ያልከፈሉትን ነው።»

«ለምሳሌ ማንን?»

«ያ ረጅሙ የጎንደር ልጅ፣ አሥራ አንድ ብር።»

ኪሴ ገባሁ። «እትዬ፣ እኔ ልክፈልለት፤ ጓደኛዬ ነው።»

ጀበናውን አነሡና ስኒዬን ሞሉልኝ።

«ተወው» አሉኝ፣ «ራሱ ይምጣ።»