የስኳር መለኪያው በደም ይፈተንልን

አክስቴ ስኳር አለባት። የምትኖረው ቆላ ነው። የመለኪያዋን ስትሪፕ፣ ያቺን የደም ጠብታ የሚነካባትን ቀጭን ቁራጭ፣ የት እንደምታስቀምጠው ሁሌ ይጨንቃታል፤ ምክንያቱም ስትሪፑ ላይ ያለው ኢንዛይም፣ ማለትም ስኳሩን ለይቶ የሚያውቀው ፕሮቲን፣ ሙቀትና እርጥበት አይችልም፣ ብልቃጡም ላይ ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ ይላል። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ቀትር ላይ፣ 30 ዲግሪ ከየት ይመጣል?

ለዚህ ነው ኢንዛይም የማይፈልግ መለኪያ ሲባል ጆሮዬን የምሰጠው። በኢንዛይሙ ቦታ ደቃቅ የኒኬል፣ የመዳብ ወይም የወርቅ ናኖ ቅንጣቶች ግራፊን ላይ ይደረጋሉ። ግራፊን ውፍረቱ አንድ አቶም ብቻ የሆነ የካርቦን ንጣፍ ነው። የአንድ ግራሙ ገጽ በስሌት 2,630 ካሬ ሜትር ይደርሳል፣ ኤሌክትሪክም አሳምሮ ያስተላልፋል። ብረቱ ራሱ ከግሉኮሱ፣ ማለትም ደም ውስጥ ካለው ስኳር፣ ኤሌክትሮን ይወስዳል፣ መሣሪያው ያንን ቆጥሮ ቁጥር ያወጣል። ብረት ደግሞ የቆላ ሙቀት አይበግረውም።

ሐሳቡ ደስ ይላል። የማልስማማው አፈታተኑ ላይ ነው። ኒኬልና መዳብ በደንብ የሚሠሩት ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ 7 መካከለኛ ነው) 13 አካባቢ ስለሆነ፣ አብዛኛው ጥናት የሚለካው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ነው፤ ሳሙና የሚሠራበት ኮስቲክ ሶዳ ማለት ነው። የሰው ደም ፒኤች ግን 7.4 ነው። ወርቅና ፕላቲነም እዚያ ይሠራሉ፣ ነገር ግን ደም ውስጥ ያለው ክሎራይድ ገጻቸው ላይ እየተለጠፈ ያዳክማቸዋል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን መለየቱ ነው። ኢንዛይሙ ግሉኮስን ያውቀዋል። ብረቱ ፍሩክቶሱንም፣ ዩሪክ አሲዱንም፣ ቫይታሚን ሲውንም አብሮ ሊቆጥር ይችላል። ይሄ ትንሽ ስህተት አይደለም። እንደ ፈረንጆቹ በ2009 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት አንድ ዓይነት ስትሪፕ ማልቶስ የሚባለውን ሌላ ስኳር እንደ ግሉኮስ እየቆጠረ ከፍተኛ ቁጥር እንደሚያሳይ አስጠንቅቆ ነበር፤ ከዚሁ ጋር የተያያዘ የ13 ሰዎች ሞትም ተመዝግቦ ነበር። ያ እንግዲህ ኢንዛይም ያለው ስትሪፕ ነው! ቁጥሩ ያለአግባብ ከፍ ሲል ሰው ኢንሱሊን ይጨምራል፣ ስኳሩ ይወርድና ራሱን ይስታል።

ተመራማሪዎቹ ግን ዛሬም የሚፎካከሩት ማን ትንሿን መጠን ለየ በሚል ነው። የጤነኛ ሰው የጾም ስኳር ከ70 እስከ 100 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው፤ ከዚያ ሺህ ጊዜ ያነሰውን ማየት ለአክስቴ ምን ያደርግላታል? ኤሌክትሮዱን፣ ማለትም ብረቱን የያዘውን የመለኪያውን ክፍል፣ 40 ዲግሪ ውስጥ ስድስት ወር አስቀምጡት። ከዚያ አውጡና በሰው ደም፣ ቫይታሚን ሲም መድኃኒትም ባለበት ደም ለኩ። ያንን ውጤት አሳዩን።