የኮሌጅ ተማሪ ትርፍ ጊዜውን ምን ያድርገው? (ክርክር)

የክርክሩ ርእስ፦ «የኮሌጅ ተማሪ ለትምህርቱ በሚተጋው ልክ ከክፍል ውጪ ባሉ እንቅስቃሴዎችም ሊሳተፍ ይገባል።»

ደጋፊ፦

ኮሌጅ የገባ ተማሪ ስለ ውጤት አብዝቶ ይነገረዋል፤ ጊዜውን ግን አስልቶ የሚያሳየው የለም። የአውሮፓን የክሬዲት ሥርዓት ለአብነት ብንወስድ፣ የሙሉ ጊዜ ተማሪ በዓመት 60 ክሬዲት ይወስዳል፤ አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ስለሚጠይቅ ድምሩ ከ1500 እስከ 1800 ሰዓት ይሆናል። ይህ ለ40 ሳምንት ሲካፈል ከሳምንቱ 168 ሰዓት ቢበዛ 45ቱን ይወስዳል። በቀን ስምንት ሰዓት የሚተኛ ተማሪ እንኳ 67 ሰዓት ይተርፈዋል።

እኔ ከዚህ ትርፍ ጊዜ ከፊሉን ያዋልሁት በተማሪዎች የቲያትር ክበብ ገንዘብ ያዥ ሆኜ ነው። አንድ ትርኢት ባለቀ ማግስት የቲኬቱን ጉርድ፣ ወጪውንና በእጄ ያለውን ገንዘብ ሳመሳክር ሒሳቡ ጎደለ። ደረሰኞቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ እስከ እኩለ ሌሊት አንድ በአንድ ቆጠርሁ፤ ኋላ ሲጣራ የመጋረጃ ጨርቅ የገዛው ጓደኛችን ደረሰኙን ኪሱ ውስጥ ረስቶት ኖሯል። ሒሳብ አያያዝን በክፍል ተምሬ ጥሩ ውጤት አምጥቼበታለሁ፤ የሰው ገንዘብ በእጅ ላይ ሲጎድል ምን እንደሚመስል ግን ያወቅሁት በዚያች ሌሊት ነው።

ጓደኝነትም ጊዜ ይፈጃል። ጄፍሪ ሆል የተባሉ የተግባቦት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት፣ ትውውቅ ወደ ተራ ጓደኝነት ለመሸጋገር 50 ሰዓት ያህል፣ ወደ ቅርብ ወዳጅነት ለመድረስ ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ አብሮ ማሳለፍ እንደሚጠይቅ ገምተዋል። ሥራ ይዞ ቤተሰብ ከመሠረተ በኋላ ለአንድ አዲስ ሰው ይህን ያህል ሰዓት የሚያገኝ ማን ነው?

ተቃዋሚ፦

የተከበሩ ተከራካሪዬ ሒሳቡን የሠሩት ለደላው ተማሪ ነው። በ67ቱ ሰዓት ውስጥ መብላት፣ ልብስ ማጠብ፣ መንገድና ሕመም አሉ፤ የትምህርት ክፍያውን ለመሸፈን ማታ ማታ የሚሠራው ተማሪማ ምን ተርፎት? 45ቱም ቢሆን የአማካይ ተማሪ ግምት ስለሆነ፣ አንድን ምዕራፍ ሦስት ጊዜ ካላነበበ የማይገባው ተማሪ ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል።

ዋናው ሙግቴ ግን ከሰዓት ቆጠራ ያለፈ ነው። ገንዘብ መያዝ ከምረቃ በኋላ በየትኛውም ማኅበር ይለመዳል። ከምረቃ በኋላ በቀላሉ የማይገኘው የተሟላ ቤተ ሙከራና ያልበሰለ ጥያቄን በትዕግሥት ሰምቶ «እስቲ ይህን ደግሞ አንብብ» የሚል መምህር ነው። ይህን የምለው ተጎድቼበት ነው። በሦስተኛ ዓመቴ ለክበብ ምርጫ ቅስቀሳ ስሯሯጥ የቤተ ሙከራ ሪፖርቴን ከሌላ ተማሪ ገልብጬ አስገባሁ። መምህሩ አንዱን ቁጥር በቀይ አክብበው «ይህን ያንተ መሣሪያ አያነበውም» ብለው ጻፉበት፤ እኔ የተመደብሁበት መሣሪያ የሚያሳየው እስከ አንድ ዲሲማል ሲሆን የገለበጥሁት ሦስት ዲሲማል ነበረው። ምርጫውን አሸነፍሁ፤ ያን መሣሪያ በትክክል መጠቀም ግን ሳልማር ተመረቅሁ።

ደጋፊ፦

በግልጽ ስለ ተናገሩ አመሰግንዎታለሁ። ነገር ግን እርስዎን የጎዳዎት የሥልጣን ጥማት እንጂ ክበቡ አይመስለኝም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የቲያትር ክበባችንን መድረክ የሚጠርጉት ልጆች ሪፖርት ሲገለብጡ አላየሁም። አሌክሳንደር አስቲን የተባሉ የከፍተኛ ትምህርት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ባቀረቡት የተማሪ ተሳትፎ ንድፈ ሐሳብ፣ ተማሪ ከኮሌጅ የሚያተርፈው ባፈሰሰው ጉልበት መጠን እንደሆነ አስረድተዋል፤ ክበባትንም ከዚያ ቆጥረዋል።

ተቃዋሚ፦

ቆጥረዋል፤ ነገር ግን አስቲን ተሳታፊ ያሉት ተማሪ ለጥናቱም የሚተጋና ከመምህራኑ ጋር ዘወትር የሚገናኝ ነው። እርስዎ የጠቀሱት የዝርዝሩን ግማሽ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር እሺ ልበል፦ ተማሪው አንድ ክበብ ይምረጥ፣ በውስጡም አንድ ኃላፊነት ብቻ ይያዝ። ነገር ግን የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤቱ ሳይታይ አይግባ።

ደጋፊ፦

አንድ ክበብ በሚለው እንስማማለን፤ አምስት ቦታ ተመዝግቦ የትም የማይገኝ ተማሪ ለእኔም አይጥመኝም። ቀነ ገደቡን ግን አልቀበልም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁሉም ለሁሉም እንግዳ ስለሆነ፣ በመመገቢያ አዳራሹ ከማንም አጠገብ ሄዶ መቀመጥ አያሳፍርም። እርስዎ ውጤቱን ይጠብቅ ያሉት ተማሪ ከሴሚስተሩ በኋላ ምግቡን ይዞ ሲገባ ግን እያንዳንዱ ጠረጴዛ የራሱን ሰዎች ይዞ ያገኘዋል።