ሱቅ የሌላት ነጋዴ በየትኛው አድራሻ ትመዝገብ?

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ የምትኖር ጎረቤቴ በርበሬ፣ ሽሮና የዘጌ ቡና ለደንበኞቿ ትሸጣለች። ቡናውን ዘጌ ካሉ ዘመዶቿ በጀልባ ታስመጣለች፤ በርበሬውን ራሷ ቀንጥሳ፣ ደልዛ፣ አድርቃና አስፈጭታ በግማሽ ኪሎ ላስቲክ ታሽጋለች። ትእዛዙ በቴሌግራም ይደርሳታል፣ ዕቃው በባጃጅ ይሄዳል፣ ሒሳቡ በቴሌብር ይገባል። ባለፈው ዓመት ሥራዋን ሕጋዊ ለማድረግ ቆርጣ ተነሣች፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርም ያለ ብዙ ውጣ ውረድ አወጣች። ለንግድ ፈቃዱ ግን በሰነዶች ማረጋገጫ የጸደቀ የንግድ ቤት ኪራይ ውል አምጪ ተባለች። የተከራየችው መኖሪያ ቤት ስለሆነ አከራይዋን ለመነች። «ውል ከተፈራረምን የኪራይ ግብሩ እኔ ላይ ነው የሚመጣው» አሏት። ነገሩ እዚያው ላይ ቆመ።

ይህን የማነሣው አንድን መሥሪያ ቤት ለመውቀስ አይደለም፤ ፋይሉን የተቀበለችው ሠራተኛ የታዘዘችውን ነው የጠየቀችው። ችግሩ ያለው ከአሠራሩ ሥር ነው። የቁጥጥር ሥርዓታችን ነጋዴን የሚያውቀው በግድግዳው ነው፤ በርና ቁልፍ፣ የቤት ቁጥርና የሚለጠፍ ፈቃድ ይፈልጋል። ቀጥታ ሽያጭ ግን በባሕሪው ግድግዳ የለውም፤ ሻጩ ገዢውን በቤቱ፣ በሥራ ቦታው ወይም በስልኩ ያገኘዋል። በጣና ዳር ደግሞ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ዓሣ በሳፋ ይዛ በየበሩ የምትጣራው፣ ቅቤ በቅል አዝላ ከገጠር የምትመጣው፣ ደንበኛዋን በስሙ የምታውቀው ሴት ሁሉ ቀጥታ ሻጭ ነበረች። ስልክ የጨመረው ርቀቱን ብቻ ነው።

ቁጥጥር አያስፈልግም ከሚሉት ወገን አይደለሁም። በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት፣ ቅቤ ውስጥ ባዕድ ስብ ቀላቅሎ የሚሸጥ ሰው መኖሩን በየቤታችን እናውቃለን፤ ያን መሰሉን ሰው ፈልጎ መያዝ የመንግሥት ሥራ ነው። በቀጥታ ሽያጭ ስም የሚመጣው ሌላው ጉዳት ከዚህም ይከፋል። የእኅቴ ልጅ የኮሌጅ ተማሪ ሳለ አንድ ስብሰባ ላይ ተጋብዞ፣ «መጀመሪያ ዕቃውን ገዝተህ ግባ፣ ቀጥሎ ጓደኞችህን አስገባ፣ እነሱም ሌሎችን ያስገባሉ» ተብሎ ለቤት ኪራይ የያዘውን ገንዘብ ከፍሎ ወጣ። ከዕቃው አንዱንም ለሰው አልሸጠም፤ እንዲሸጥ የፈለገም አልነበረም። ገንዘቡ ይመጣል የተባለው ከኋላው ከሚገቡት ሰዎች ነበርና። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይህን የፒራሚድ ሽያጭ ከልክሏል፤ ትክክልም ነው። መለያውም አስቸጋሪ አይደለም፤ ገቢው ከተሸጠው ዕቃ ነው ወይስ ከገባው ሰው ብሎ መጠየቅ ይበቃል። የጎረቤቴ ገቢ ግማሽ ኪሎ በርበሬ ነው። ሆኖም በአሠራራችን ሁለቱም «ፈቃድ የሌላቸው» ተብለው አንድ መደብ ውስጥ ይገባሉ። እንዲያውም የስብሰባ አዳራሽ የሚከራየው ሰው የተረጋገጠ የቢሮ ውል ለማቅረብ ከእሷ ይልቅ አይቸገርም።

ሌሎች አገሮች ይህን መንገድ ሲሄዱበት ምን እንደገጠማቸው ማየት ይጠቅማል። ቻይና በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የቀጥታ ሽያጭ ደንብ ዘርፉን ለመግባት 80 ሚሊዮን ዩዋን የተከፈለ ካፒታል ጠየቀች፤ እንዲህ ያለው አጥር አጭበርባሪውን ያስቀር እንደሆነ ያከራክራል፣ ትንሹን ግን ያለ ጥርጥር ያስቀራል። ሕንድ በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ደንብ በአንጻሩ ያተኮረው በድርጊቱ ላይ ነው፤ የፒራሚድ አሠራርንና ሰውን በመግቢያ ክፍያ ማስገባትን ከልክሏል። በአውሮፓ ኅብረት ከሱቅ ውጭ የገዛ ሰው በ14 ቀን ውስጥ ሐሳቡን ቀይሮ ዕቃውን መመለስ ይችላል። በአሜሪካም ቤቱ ድረስ መጥተው ለሸጡለት ሰው የሦስት ቀን የማሰቢያ ጊዜ የሚሰጥ ደንብ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። በእነዚህ በኋለኞቹ ሁለት ሕጎች ውስጥ ገዢውን የሚጠብቀው የሻጩ ግድግዳ ሳይሆን ለገዢው የተሰጠው ጊዜ ነው።

ወደ ግብሩ ስንመጣ፣ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ዓመታዊ ገቢያቸው ከ500 ሺህ ብር በታች የሆኑትን ደረጃ ሐ ግብር ከፋዮች ብሎ ለይቷቸው ነበር። ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ይህን ደረጃ አስቀርቶ ድንበሩን 2 ሚሊዮን ብር ላይ አደረገው፤ ከዚያ በታች ያለው ደረጃ ለ ሆኖ ግብሩ በዓመታዊ ሽያጩ ላይ ይሰላል። የሒሳብ መዝገብ መያዝ ለሚከብዳት ሴት ይህ ማቃለያ ነው። ነገር ግን ሽያጭና ትርፍ አንድ አይደሉም። በ100 ብር ሽያጭ 40 ብር የምታተርፍ ጥልፍ ጠላፊና 8 ብር የምታተርፍ ቡና ቸርቻሪ ቢኖሩ፣ በሽያጭ ላይ የሚጣለው ያው ምጣኔ ለአንዷ የማይሰማ፣ ለሌላዋ የሚያሳምም ነው። ቀጥታ ሻጮች ደግሞ አብዛኞቹ ሱቅ የማይከራዩት ትርፋቸው ስለማይችለው ነው።

ባለሱቆች የሚያነሡት ቅሬታ አለ፤ ቸል ሊባልም አይገባም። «እኛ ኪራይ እየከፈልን፣ ግብር እየከፈልን፣ በየጊዜው ፍተሻ እያስተናገድን፣ እሷ ከጓዳዋ ሆና ደንበኛችንን ትወስዳለች» ይላሉ። ግብሩን በተመለከተ እውነታቸውን ነው፤ መክፈል አለባት። ይሁንና በቴሌብር የሚገባ እያንዳንዱ ብር ቀንና ሰዓት ተጽፎበት የሚቀመጥ ነው፤ ከዚህ አንጻር ሽያጯ በጥሬ ገንዘብ ከሚሸጥ ሱቅ ይልቅ ለቁጥጥር የተጋለጠ ነው። ኪራዩን በተመለከተ ግን አንዱ የሚከፍለውን ወጪ ሌላው ሳያስፈልገው እንዲከፍል ማስገደድ ፍትሕን አያሰፍንም፤ የበርበሬውን ዋጋ ብቻ ያስወድዳል።

ስለዚህ የሚጠየቀው ቀላል ነው። ሱቅ የሌለው ቀጥታ ሻጭ በቀበሌ መታወቂያውና በመኖሪያ አድራሻው ይመዝገብ፤ የአከራይ ውል አይጠየቅ። በምትኩ የገዢውን ጥቅም የሚነኩ ግዴታዎች ይጣሉበት፦ በእያንዳንዱ ማሸጊያ ላይ የሻጩ ስም፣ ስልክና የታሸገበት ቀን ይጻፍ፤ ዕቃው የተባለውን ካልሆነ ገንዘቡ በተወሰኑ ቀናት ውስጥ ይመለስ፤ የምግብ ናሙና በድንገት ይወሰድ። ጎረቤቴ ከእነዚህ አብዛኛውን ማንም ሳያዛት ታደርጋለች። ባለፈው ሳምንት የገዛሁት ላስቲክ ላይ በእስክሪብቶ የጻፈችው ስልኳና ቀኑ አሉ፤ ስሟን ግን አልጻፈችም። ለምን ብዬ ስጠይቃት፣ «ደንብ አስከባሪ እጅ ቢገባስ?» አለችኝ።