ማስተካከያ፦ ዱዳሜል የሚረከበው ኦፔራውን አይደለም

ሰሞኑን በቴሌግራም የተሰራጨ ጽሑፍ፣ ቬኔዝዌላዊው የኦርኬስትራ መሪ ጉስታቮ ዱዳሜል የኒውዮርኩን ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ሊረከብ ነው ይላል። ስህተት ነው። ኒውዮርክ ፊልሃርሞኒክ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መግለጫ መሠረት ዱዳሜል የሚመጣው ወደዚያ ኦርኬስትራ ነው፤ ሥራውም የሚጀምረው በ2026-27 የሙዚቃ ወቅት ነው።

መምታታቱ ብዙም አይገርምም። ሁለቱ ቤቶች ሊንከን ሴንተር ግቢ ውስጥ ጎረቤታሞች ናቸው። ዱዳሜልም እ.ኤ.አ. በ2018 ኦፔራው ቤት በእንግድነት የቬርዲን ኦቴሎ መርቷል። ግን ፊልሃርሞኒኩ በዴቪድ ጌፈን አዳራሽ መድረኩ ላይ ሆኖ ይጫወታል፤ የኦፔራው ኦርኬስትራ ደግሞ ከመድረኩ ፊት ዝቅ ብሎ በተሠራ ስፍራ ተቀምጦ ዘፋኞቹን ያጅባል።

ትኬታቸውም ለየብቻ ነው። ዱዳሜልን ለማየት ያሰበ ሰው ብሩን ከመክፈሉ በፊት የምሽቱን መሪ ስም ከራሱ ከፊልሃርሞኒኩ መርሐ ግብር ላይ ይይ።